ቂሊንጦ ዋልካ መሬት ላይ ማይክሮስኮፕን ከንዝረት ማዳን

ላቦራቶሪያችን ያለው ቂሊንጦ ነው። ከአጥሩ ውጪ ሲኖትራክ ሲመላለስ ይውላል፤ መሬቱ ደግሞ ዋልካ ነው። በአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ (የዕቃን ገጽ በጣም በቀጭን መርፌ እየዳሰሰ ምስል በሚያወጣ መሣሪያ) ናኖሜትር፣ ማለትም የሚሊሜትርን ሚሊዮንኛ፣ እየለካን ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ምስሉ ላይ ሸንተረር ይወጣል።

በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ጠረጴዛ ነበረን። እንዲህ ያለው ጠረጴዛ ፈጣኑን ንዝረት በደንብ ይቀንሳል፤ ከ1 እስከ 3 ኸርዝ (በሰከንድ ከ1 እስከ 3 ጊዜ) ባለው በራሱ ድግግሞሽ፣ ማለትም ሲነካ በራሱ በሚወዛወዝበት ፍጥነት፣ ላይ ግን ጭራሽ ያባብሰዋል። የተጫነ መኪና በባሌስትራው ላይ የሚወዛወዘውም እዚያው አካባቢ ነው። ለዚህ ነው አክቲቭ መድረክ የፈለግነው፦ ሴንሰሮቹ እንቅስቃሴውን ይለካሉ፣ መቆጣጠሪያው ያሰላል፣ ከሥር ያሉት ገፊዎች በተቃራኒው ይገፋሉ።

ከመትከሌ በፊት ወለሉን ለካሁ። ይህን ማንም እንዳይዘል አጥብቄ እለምናለሁ። ጂኦፎን (የመሬት ንዝረት መለኪያ) አስቀምጬ ቀንም ሌሊትም ስመዘግብ፣ 25 ኸርዝ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር አገኘሁ፤ የሚታየው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው። ጄኔሬተራችን ነበር፤ በደቂቃ 1500 ዙር ማለት በሰከንድ 25 መሆኑ ነው። የቆመበትን ኮንክሪት ከሕንፃው ለይተን ከሥሩ ስፕሪንግ አስገባን። ንዝረትን ከምንጩ መያዝ ከየትኛውም መድረክ ይረክሳል።

መድረኩ ሥራ ሲጀምር የመኪናው ሸንተረር ጠፋ። አንድ ቀጭን ርግብግብታ ግን ቀረ። ከመቆጣጠሪያው ሳጥን ወደ ማይክሮስኮፑ የሚሄደውን ወፍራም ኬብል በጣቴ ስነካው የሳጥኑ ማራገቢያ ይሰማኛል። የተወጠረ ኬብል መድረኩን እንደ ድልድይ ይሻገረዋል። ኬብሉን ላላ አድርጌ ጠቀለልኩት፤ መሃሉን ከማይንቀሳቀሰው ፍሬም ጋር አሰርኩት፤ ምስሉ ጠራ። ሻጮች ስለ ገፊዎቹ ብዙ ያወራሉ፤ ስለ ኬብል ግን ሲናገሩ አልሰማሁም።

አክቲቭ መድረክ ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራምና ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ወዲያው በባትሪ የሚተካ መሣሪያ) ግድ ነው። መብራት ሲቆራረጥ ምስል መሃል ላይ ከቆመ የሰዓታት ልፋት ይባክናል።

አሁንም ዓይኔን የማልነቅለው ከዋልካው ነው። ክረምት ሲመጣ ያብጣል፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃል፤ ወለሉም አብሮ ዘንበል ይላል። ሴንሰሩ ደግሞ ዘንበል ማለትን ከጎንዮሽ እንቅስቃሴ መለየት አይችልም። ስለዚህ ክረምት ሲገባና ሲወጣ ውሃ ልክ አስቀምጬ የመድረኩን እግሮች እንደገና አስተካክላለሁ።