አቼቶ የሌለበት እሳተ ገሞራ

ቤት ለቤት እየሄድኩ ሳስጠና ስድስተኛ ዓመቴ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ልጆችን እንደ እሳተ ገሞራ የሚያስደስት ትምህርት አላየሁም። ለሁለቱ እህትና ወንድምም ሠራሁላቸው። ባዶ ሃይላንድ ትሪ ላይ አቁመን ዙሪያውን በሊጥ ተራራ አበጀን። ሁለት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና፣ ቀይ የምግብ ቀለም ጨመርን። ከዚያ ግማሽ ብርጭቆ አቼቶ። (አፉን በፍጹም አትክደኑት፤ ጋዙ ታፍኖ ሊፈነዳ ይችላል።) አረፋው ገንፍሎ ትሪውን ሞላው። ልጆቹ በደስታ ጮኹ።

በሳምንቱ ስመለስ የአራተኛ ክፍሏ ልጅ ደብተሯን አሳየችኝ። «እሳተ ገሞራ የሚፈነዳው መሬት ውስጥ ሶዳና አቼቶ ሲገናኙ ነው» ይላል። ደነገጥኩ። ልጅቷ አልተሳሳተችም፤ ያየችውን ነው የጻፈችው። ምኑ ከእውነተኛው እንደሚለይ አንድም ቃል አልነገርኳትም ነበር።

በሚቀጥለው ቀን በፕላስቲክ የታሸገ አምቦ ውሃ ይዤ ሄድኩ። ሳይከፈት አዩት፤ አረፋ የለም። ነቅነቅ አድርጌ ስከፍተው ቡፍ አለ! ጋዙ ድሮም ውሃው ውስጥ ነበር፤ ግፊቱ ነው አምቆ የያዘው። ክዳኑ ሲላላ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ጋዙ አረፋ ሆኖ ውሃውን ይዞት ይወጣል። ቅልጥ አለትም ከጥልቁ ወደ ላይ ሲመጣ የሚሆነው እንዲሁ ነው። ሶዳና አቼቶ ግን ሲገናኙ ያልነበረ ጋዝ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ይፈጥራሉ።

«ቲቸር፣ ታዲያ ኤርታሌ ለምን ቡፍ አይልም?» አለ ወንድሟ። አፋር ውስጥ ያለውን የእሳት ሐይቅ በቴሌቪዥን አይቷል።

መልሱን ያገኘነው ኩሽና ነው። እናታቸው ሽሮ ጥደው ነበር። አስፈቅደን ገባንና ራቅ ብለን ቆምን። ወፍራሙ ሽሮ አረፋውን አፍኖ ይቆይና ጧ ብሎ ይረጫል። ጎኑ የተጣደው የሻይ ውሃ ግን ዝም ብሎ ይፍለቀለቃል። የኤርታሌ ቅልጥ አለት ሙቀቱ ከ1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ ቀጭን ስለሆነ ጋዙ ብዙ ጊዜ በቀላሉ ያመልጣል። ወፍራም ቢሆን ኖሮ ጋዙን አፍኖ በኃይል ይፈነዳ ነበር።

ልጅቷ ደብተሯን አወጣች። የድሮውን አልሰረዘችውም። ከሥሩ «ይሄ የሊጡ ተራራ ነው» ብላ ጻፈችና ገጹን ገልጣ የሽሮ ድስት መሳል ጀመረች።