የቁልቢው ገብርኤል ከቀይ ባሕር አወጣን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

በቀድሞው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ውስጥ የታንክ ጫኝ መርከብ ሞተረኛ ነበርኩ። መርከባችን ፖላንድ ውስጥ የተሠራች፣ ፊቷ ተከፍቶ ስድስት ታንክ የምታስገባ ነበረች። ከአሰብ ምጽዋ ታንኩንም፣ ጥይቱንም፣ ዱቄቱንም አመላልሰንባታል፤ ስንመለስ ቁስለኛ እንጭናለን። የካቲት 1982 ሻዕቢያ ምጽዋን ሲይዝ ዋና ሰፈራችንን አጣን። የቀረን ወደብ አሰብ ነበር።

ግንቦት 1983 ተራው የአሰብ ሆነ። መርከቦቹ ወደ የመን ሊወጡ ሲሉ ወታደሩ ከነቤተሰቡ ወደቡን ሞላው። ታንክ ይቆምበት በነበረው ወለል ላይ እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ተቀመጡ። ከአሰብ እስከ የመኑ ወደብ ሞካ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለጤነኛ መርከብ ሩቅ አይደለም።

መሐል ላይ አንዱ ሞተር ግሎ ጠፋ፤ ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው ተከተለው። እንዲህ ያለችው መርከብ ዳር ላይ እንድትወጣ ተብሎ ታችዋ ጠፍጣፋ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ሞተር ከሌላት ማዕበል ጎኗን እየመታ ይንጣታል። ከበላያችን የልጆቹ ለቅሶ ይሰማናል። ሞተሩን የሚያስነሳው የታመቀ አየር ነው፤ በሞከርን ቁጥር ያልቃል። መለኪያውን ሳየው የቀረው ለአንድ ሙከራ ቢበቃ ነው።

በዚያ ዘመን ካድሬ ፊት ማማተብ ያስፈራ ነበር። ያን ሌሊት ግን ማንንም አልፈራሁም። «የቁልቢው ገብርኤል፣ ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣህ፣ እነዚህን ሕፃናት አውጣልኝ! ጥላ ይዤ ደጅህ እመጣለሁ!» ብዬ ጮህኩ። አጠገቤ የነበረው ባልደረባዬ ሙስሊም ነው፤ «አሚን» አለ።

ወዲያው እጄ ወደ ባሕር ውኃ ማጣሪያው ሄደ። ክዳኑን ፈትቼ ሳየው የባሕር ሣርና ጭቃ ተጠቅጥቆበታል፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውኃ መግቢያ አጥቷል። በእፍኝ እየዛቅን አወጣነው። «ይህማ የሙያ ዕውቀት ነው» የሚለኝ ሰው አለ። ዕውቀቱ ከዚያ በፊትም ነበረኝ፤ ያን ሁሉ ስንዳክር ግን አልታየኝም፣ ስሙን ስጠራ ነው የታየኝ። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀን የመጨረሻውን አየር ለቀቅሁ። አንዴ አጉረመረመ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ተነሳ። በአንድ ሞተር እያዘገምን ጎህ ሲቀድ ሞካ ደረስን። የተሳፈረው ሁሉ በሕይወት ወረደ።

መርከቧን ለየመኖች አስረክበን ስደተኛ ሆንን፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ጅቡቲ የቀሩት መርከቦቻችንም መስከረም 1989 በሐራጅ ተሸጡ። የደከምንባቸው የአገር ሀብት ነበሩ፤ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ስለቴን ግን አገሬ በገባሁ ዓመት፣ ታኅሣሥ 19 ቀን ቁልቢ ወጥቼ፣ ጥላውን በእልልታ አስገብቻለሁ። የመልአኩ አምላክ እግዚአብሔር ስሙ የተመሰገነ ይሁን። አሜን።