በሦስት የዋንዛ እጀታ ሽጉጥ መምረጥ

ጥቅምት መጨረሻ፣ ቅዳሜ ማታ ታናሽ ወንድሜ ከቨርጂኒያ ደወለ። እሱ ጋ ገና ጠዋት ነው። «ጋሼ፣ ሽጉጥ ልገዛ ነው» ሲለኝ የያዝኩት ሻይ ሊደፋብኝ ነበር። ምን ሆነህ ነው፣ ከማን ጋር ተጣልተህ ነው ብዬ ጮህኩበት። ሳቀብኝ። ከማንም አልተጣላም። የዒላማ ተኩስ ጀምሯል። ቅዳሜ ቅዳሜ በኪራይ ሽጉጥ ወረቀት ይበሳል። አሁን የራሱን ፈልጓል። «አንተ ወታደር ነበርክ፣ ምረጥልኝ» አለኝ።

ወታደርነቱ እውነት ነው። ግን የማውቀው ሽጉጥ ማካሮቭ ብቻ ነው። ስምንት ጥይት የሚይዝ፣ 730 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ፈትተህ ጠርገህ የምትገጥመው። ከዚያ ወዲህ እጄ ላይ የቆየው መላጊያና መጋዝ ነው። አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለችኝ። ሽጉጥ የለኝም፣ እንዲኖረኝም አልፈልግም። እዚህ ነገሩ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተያዘ ነው፣ ያለ ፈቃድ አይነካም። እሱ ጋ ደግሞ ከሱቅ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት፣ ቅጽ መሙላትና የወንጀል ታሪክ ማጣሪያ ማለፍ ያስፈልጋል።

ወንድሜ ሦስት ስም ላከልኝ። ቤሬታ 92ኤፍኤስ፣ ሲዜድ 75ቢ፣ ሲግ ሳወር ፒ226። እኔም አንድ ደብተር አወጣሁና እንደ ዕቃ ግዢ ሰንጠረዥ ሠራሁ።

ሰንጠረዡ ምንም አልረዳኝም። ሦስቱም 9 በ19 ሚሊሜትር ጥይት ይተኩሳሉ። ሦስቱም የብረት ሽጉጦች ናቸው፤ ሲዜዱ ሙሉ ብረት፣ የሁለቱ ገላ አሉሚኒየም። ክብደታቸው አንድ ኪሎ ገደማ ነው። ቤሬታና ሲግ 15 ጥይት ይይዛሉ፣ ሲዜዱ 16። የአፈሙዛቸው ርዝመት ከ112 እስከ 125 ሚሊሜትር ነው። በአንድ ጥይትና በአንድ ጣት ስፋት ልዩነት እንዴት ይመረጣል?

ስለዚህ ወደ ዝና ሄድኩ። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1985 የመረጠው ቤሬታን ነው። በቃ፣ ጦር የመረጠውን እኔ ማን ነኝና እንቢ የምለው? ለወንድሜም «ቤሬታ ግዛ» ብዬ ላክሁለት።

ከሳምንት በኋላ ግን የዚያን ውድድር ታሪክ አነበብኩ። ፈተናውን በአጥጋቢ ሁኔታ የጨረሱት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ቤሬታና ሲግ። ሁለቱም አልፈዋል። ሲግ በነጠላ ዋጋው እንዲያውም ርካሽ ነበር። ካርታው (ጥይት የሚሞላበት ሣጥን) እና መለዋወጫው ሲደመር ግን የቤሬታ ጥቅል ዋጋ አነሰ። ቤሬታ አሸነፈ።

እዚህ ላይ ደብተሩን ዘጋሁት። ይኼን ነገር አውቀዋለሁ! ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ትምህርት ቤት የተማሪ ዴስክ ጨረታ ገብቼ ነበር። የእኔ ዴስክ በነጠላ ዋጋ ከሁሉም ያነሰ ነው። ማጓጓዣና ጥገና ሲደመር ግን ከሌላው በለጥኩና ወደቅሁ። ያሸነፈው ዴስክ ከእኔ ይሻላል? በጭራሽ። ስለዚህ የጦሩ ምርጫ ፍርድ አይደለም፣ ጨረታ ነው። ለወንድሜ ደወልኩና «የቤሬታውን ነገር ተወው፣ እንደ አዲስ እንጀምር» አልኩት። «ጋሼ፣ በየሳምንቱ ልትቀያይር ነው እንዴ?» አለ።

ኅዳርን ያሳለፍኩት አሠራራቸውን በመማር ነው። ይኼ ክፍል በጣም ጣመኝ። ማካሮቭ ውስጥ አፈሙዙ ከገላው ጋር ተጣብቆ አይንቀሳቀስም። የላይኛውን ብረት የሚይዙት የራሱ ክብደትና ሞላው ናቸው። የማካሮቭ ጥይት ደከም ያለ ስለሆነ ይበቃል። 9 በ19 ግን ይበረታል። ጥይቱ ከአፈሙዝ እስኪወጣ ድረስ አፈሙዙና የላይኛው ብረት ተቆላልፈው ትንሽ አብረው ወደ ኋላ መሄድ አለባቸው። ልዩነቱ እንዴት ይቆለፋሉ የሚለው ላይ ነው። በሲግና በሲዜድ የአፈሙዙ ጅራት ዝቅ ብሎ ይላቀቃል፣ የአሜሪካዊው የጦር መሣሪያ ፈልሳፊ የጆን ብራውኒንግ ዘዴ ነው። በቤሬታ ግን አፈሙዙ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ከሥሩ ያለች አንዲት ብረት ወርዳ ትለቀዋለች። ልክ እንደ በር መቀርቀሪያ። ዘዴው ከጀርመኑ ዋልተር ፒ38 የተወሰደ ነው።

ሲዜዱ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። የላይኛው ብረቱ የሚንሸራተተው ከገላው ውጭ ሳይሆን ውስጥ ነው። እኛ የመሳቢያ ሐዲድን ከውጭ ወይም ከውስጥ እንደምንገጥመው ማለት ነው። ከውስጥ ሲሆን ውጭ የሚቀረው ብረት ያጥራል። ወንድሜ በላብ እጅ ለመሳብ ያንሸራትተኛል ያለው ለዚህ ነው።

ወደ እጀታው ልምጣ። እኔና ወንድሜ የአባታችንን እጅ ነው የወረስነው። መዳፍ ሰፊ፣ ጣት አጭር። እጃችንን ወረቀት ላይ አስቀምጠን በእርሳስ ዞርነውና በማስመሪያ ለካነው። ልዩነታችን ግማሽ ሴንቲሜትር አይሞላም። ስለዚህ የእኔ እጅ ለእሱ እጅ ሊመሰክር ይችላል ማለት ነው። ወንድሜ ሽጉጥ በሚከራይበት ተኩስ ቤት ውስጥ ካርታው ወጥቶ፣ ላይኛው ብረት ወደ ኋላ ተከፍቶ፣ ባዶ መሆኑ ከታየ በኋላ በየሽጉጡ እጀታ ዙሪያ የጫማ ክር ጠመጠመ። ከእጀታው ጀርባ እስከ ምላጩ፣ ጣት እስከሚስበው ቃታ ድረስም፣ ለካ። ሰውየው ምን እየሠራህ ነው ቢለው «ወንድሜ አናጢ ነው» አለው።

እኔም ከዋንዛ ቁራጭ ሦስት እጀታ ጠረብኩ። በሞረድ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት። እጀታ ብቻ ነው፤ ሽጉጥ የሚመስል ነገር ሠርቶ አዳማ ላይ መዞር እብደት ነው። ምላጩ ያለበትን ቦታ በሚስማር ምልክት አደረግሁ። ባለቤቴ አየችና «ይኼ የምን እጀታ ነው?» አለች። የሽጉጥ ስላት ዝም ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ለሁለት ቀን አላናገረችኝም።

እንጨቱ በግልጽ ተናገረ። በቤሬታው ጣቴ ምላጩ ጋ የምትደርሰው በጫፏ ብቻ ነው። ሲጉ ትንሽ ይሻላል። ሲዜዱ ግን እጄ ውስጥ እንደተሠራ ሆኖ ገባ። አለቀ አልኩ።

አላለቀም። እንጨት ምላጭ አይስብም። ሦስቱም ሽጉጦች መዶሻው ወርዶ ሲጀመር፣ የመጀመሪያው ጥይት ላይ ምላጩ ራሱ መዶሻውን ወደ ኋላ ስቦ ይለቃል። ስለዚህ ረጅምና ከባድ ነው። ከዚያ በኋላ መዶሻው ስለተነሳ ምላጩ አጭርና ቀላል ይሆናል። ወንድሜ የዒላማውን ወረቀት ፎቶ ላከልኝ። ከሦስቱም የመጀመሪያዋ ቀዳዳ ታችና ወደ ግራ ናት። የቀሩት መሀል ላይ ተሰብስበዋል። ቤሬታው ላይ ይብሳል፣ ጣቱ ስለሚያጥር። ሲዜዱ ላይ ይሻላል ግን አለ።

በዚህ መሀል የሱቁ ሰው አራተኛ ነገር አመጣ። ግሎክ 17። ፕላስቲክ ገላ፣ ባዶውን 630 ግራም ገደማ፣ 17 ጥይት። ምላጩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ነው። የእኛን ችግር በአንድ ምት ይፈታዋል። ወንድሜም ሲተኩስበት የመጀመሪያዋ ቀዳዳ ከጓደኞቿ ጋር ተቀመጠች። እውነቱን ልናገር፣ በደብተሬ ሚዛን ግሎክ አሸንፏል። ጋስተን ግሎክ እ.ኤ.አ. በ1982 በኦስትሪያ ጦር ዘንድ ተቀባይነት ያገኘውን ይህን ሽጉጥ ከመሥራቱ በፊት የመጋረጃ ዘንግ ይሠራ እንደነበር ሳነብ ደግሞ ልቤ ወደ እሱ አዘነበለ። የመጋረጃ ዘንግ እኔም ስንቱን ቤት ገጥሜያለሁ!

ወንድሜ ግን አልወደደውም። ቀላል ስለሆነ እጄ ላይ ይዘላል አለ። ለመፍታት መጀመሪያ ምላጩን መሳብ ያስፈልጋል፤ ጥይት አለመኖሩን ደጋግሞ ካላዩ አደጋ ነው። በዋናነት ግን ብረት ነው የሚፈልገው። ሰው የራሱን ገንዘብ ሲያወጣ ዓይኑም ድምፅ አለው፣ አልተከራከርኩትም።

የቀረው ጥያቄ አንድ ነበር። ሲዜድ 75ቢ የተነሳ መዶሻን ያለ ተኩስ የሚያወርድ ቁልፍ የለውም። ሲግና ቤሬታ አላቸው። ጥይት ገብቶ ሳለ መዶሻውን በአውራ ጣት ይዞ ማውረድ አደገኛ ነው፣ ጣት ካመለጠው ይተኩሳል። ይኼ ለብዙ ሰው ሲዜዱን የሚያስጥል ምክንያት ነው። እኔም ሦስት ቀን አሰብኩበት። ከዚያ ጠየቅኩት፤ «ጥይት አጉርሰህ ልትዞር ነው?» «አይ፣ ቤት በተቆለፈ ሣጥን፣ ባዶውን» አለ። ተኩስ ቤትም ሲጨርስ ካርታውን አውጥቶ ባዶ ያደርገዋል። እንግዲያው ያ ቁልፍ ለእሱ ምን ይሠራለታል? ሽጉጡን ታጥቆ የሚውል ሰው ቢሆን ሲጉን ግዛ እለው ነበር።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ሲዜዱን ገዛ። የመጀመሪያዋ ቀዳዳ አሁንም ታች ናት፤ በሽጉጥ ለውጥ የሚድን በሽታ አልነበረም። ቤት ውስጥ በየማታው የፕላስቲክ መለማመጃ ጥይት አስገብቶ ረጅሙን ምላጭ ሃያ ጊዜ ይስባል። ያለ መለማመጃው ደጋግሞ መሳብ ውስጥ ያለች ትንሽ ፒን ይሰብራል ብለውታል። በየቅዳሜው የወረቀቱን ፎቶ ይልክልኛል፣ እኔ የመጀመሪያዋን ቀዳዳ ከመሀል በስንት ሴንቲሜትር እንደራቀች ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ባለፈው ሳምንት ስድስት ነበረች። መጀመሪያ አሥራ አንድ።

የቤሬታው እጀታ ለእኔ ጣት ቢረዝምም ለመጋዝ ልክ ሆኖ ተገኘ። ቀዳዳ በስቼ ገጠምኩት። ባለቤቴ ይኼን ስታይ ነው የታረቀችኝ።