«ሳተርዴይ ናይት ስፔሻል»ን በጊታር ስለማመድ፤ የሰባት ወር ልምዴ

የአሜሪካውን የሮክ ባንድ የሊናርድ ስኪናርድን «ሳተርዴይ ናይት ስፔሻል» ባለፈው እሑድ፣ ሶሎውን (ጊታሩ ለብቻው ጎልቶ የሚጫወትበትን ክፍል) ትቼ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳላቋርጥ ስለተጫወትሁት፣ ደስታዬንም ድካሜንም ጊታር ለምትማሩ ጓደኞቼ ላካፍል ወደድሁ። ኮርዶቹን (አብረው የሚመቱትን የድምፆች ጥምረት) ለማጥናት ሦስት ሳምንት እንኳ አልፈጀብኝምና በዚያ ላይ አልቆይም።

ያስቸገረኝ ቀኝ እጄ ነው። ሪፉን (እየተደጋገመ የሚመጣውን አጭር የጊታር ሐረግ) የምመታው የመዳፌን ጠርዝ በድልድዩ (ክሮቹ በጊታሩ አካል ላይ በሚያርፉበት ክፍል) አጠገብ ክሮቹ ላይ አሳርፌ፣ ድምፁን እያፈንሁ ነው። እኔ ግን ክራር እየገረፍሁ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ በግርፍ ጊዜ ቀኝ እጅ ክሮቹን በነፃነት ሲመታ፣ እንዳይሰሙ የሚፈለጉትን የሚያፍኑት የግራ እጅ ጣቶች ናቸው። ስለዚህ ቀኝ እጄ መምታቱንም ማፈኑንም ብቻውን ሲሸከም፣ መዳፌ ወይ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ድምፁን ያጠፋዋል፣ ወይ ብድግ ይልና ክሮቹ ይጮኻሉ። ዲስቶርሽን (የኤሌክትሪክ ጊታርን ድምፅ ሆን ብሎ ማሻከር) ብጨምር ጉድለቱ የሚሸፈን መስሎኝ ሁለት ወር አባከንሁ፤ ዲስቶርሽን ግን ያመለጠውን ክር አጉልቶ ያወጣዋል እንጂ አይደብቀውም። መፍትሔ የሆነኝ አምፕሊፋየሩን አጥፍቶ፣ ሜትሮኖሙን (ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ) በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጎ፣ በወፍራሙ ክር ብቻ መዳፍን በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ ማዳመጥ ነው። ትክክለኛው ቦታ ሲገኝ ድምፁ የተዘጋ በር በጡጫ ሲመታ ይመስላል።

ግጥሙን ሳይረዱ ይህን ዘፈን መለማመድ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስሕተቱን የሠራሁት እኔው ነኝ። የባንዱ ድምፃዊ ሮኒ ቫን ዛንትና ጊታሪስቱ ኤድ ኪንግ የደረሱት፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ይህ ዘፈን ስያሜውን የወሰደው በአሜሪካ በርካሽ ከሚሸጡ ትንንሽ ሽጉጦች ነው። በመጀመሪያው አንጓ አንድ ሰው በሌሊት ቤት ሾልኮ ገብቶ ሱሪውን ለማንሣት የሚዘረጋውን ሰው በጥይት ይበሳሳዋል፤ በሁለተኛው ደግሞ ውስኪ የጠጣ ቁማርተኛ ሲሸነፍ ተጭበረበርሁ ብሎ ጓደኛውን በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል ይመታዋል። ሽጉጦቹ ባሕር ውስጥ ይጣሉ የሚለው ከፍሎሪዳዋ ጃክሰንቪል፣ መሣሪያ መታጠቅ ከተለመደበት ከአሜሪካ ደቡብ የወጣ ባንድ መሆኑ ለእኔ ታላቅ ድፍረት ነው። ትርጉሙን ሳላውቅ ግን ልክ ጓደኛ የሚገደልበት ቦታ ላይ ስደርስ እጄ በደስታ ይፈጥን ነበር።

ሶሎውን ገና አልነካሁትም። ያለ ዘፈን ስጫወት ምቱን እጠብቃለሁ፤ እየዘፈንሁ ስጫወት ግን እስከ አሁን ሁለተኛው አንጓ ላይ ሜትሮኖሙን እቀድመዋለሁ፤ ስለዚህ በየምሽቱ ከዚያው ከቁማሩ ጠረጴዛ ጀምሬ እደግመዋለሁ።