ሚኒሶታ ላይ አሳ ማጥመድ፦ አንድ ሐይቅ ይዤ ዓመቱን እንዴት እንደዞርኩት

ቡና ላይም ቤተክርስቲያን ግቢም ስንገናኝ "አንተ ሰውዬ እንዴት ነው አሳውን የምትይዘው፣ እኛስ ከየት እንጀምር" የሚለኝ ሰው ስለበዛ ለእያንዳንዱ ቆሜ ከማወራ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። ፕሮፌሽናል ምናምን አይደለሁም፣ ጀልባም የለኝም፣ ሁሉንም ከዳር ቆሜ ወይ በረዶ ላይ ተቀምጬ ነው የምይዘው።

ዋናውን አስቀድሜ ልበል። እዚህ ሰው አሳ ሲያምረው ስሙ የገነነ ሐይቅ ነው የሚፈልገው፣ ሚል ላክስ ልሂድ ይላል፣ ሁለት ሰዓት ምናምን ነድቶ ይሄዳል፣ ሚል ላክስ እኮ 130 ሺህ ኤከር አካባቢ ነው፣ ያለ ጀልባ ዳሩ ላይ ቆመህ አሳው የት እንዳለ በምን ታውቃለህ? ስቴቱ ከ10 ኤከር ጀምሮ ያሉትን ብቻ ቆጥሮ 11,842 ሐይቅ አለኝ ይላል፣ ከነሱ አንዱ መቼም ከሰፈራችሁ አይጠፋም። እሱን ያዙና ዓመቱን ሙሉ አትልቀቁት። አሳው ከሐይቁ የትም አይሄድም፣ ግን ልክ እንደ ተከራይ በየወሩ ቤት ይቀይራል፣ ቤት የሚያስቀይረው ደግሞ የውሃው ሙቀትና ኦክስጅኑ ነው። እኔ እስካሁን የተማርኩት ሁሉ ሲጨመቅ ይሄው ነው።

የኔ ሐይቅ ሴንት ፖል ኢስት ሳይድ ያለው ሌክ ፌለን ነው። 200 ኤከር አካባቢ ነው፣ ትንሽ ነው ግን ጥልቅ ነው፣ የመጨረሻው ጥልቅ ቦታ 90 ጫማ ይደርሳል። ማጥመጃ ፒር፣ ውሃው ላይ የተዘረጋ መቆሚያ፣ አለው፣ ዙሪያውን የእግር መንገድ አለው። እዛ አካባቢ ከደቡብ ምስራቅ እስያ የመጡ የህሞንግና የካረን ሰዎች ብዙ ናቸው፣ በአሳ ደግሞ አይታሙም። እኔን ያስተማሩኝ አንድ የህሞንግ አባት ናቸው፣ የሁለታችንም እንግሊዝኛ ያው እንደምታውቁት ነው፣ ግን በምልክትም በሳቅም ተግባባን። እሳቸው ዘንጋቸውን ሳይዘረጉ እጃቸውን ውሃው ውስጥ ከተው ትንሽ ይቆያሉ፣ ከዛ በኋላ ነው የት እንደሚቆሙ የሚወስኑት። እኔ ያን ያህል እጅ ስለሌለኝ ርካሽ ቴርሞሜትር በክር አስሬ እጥላለሁ፣ ስራው ያው ነው።

ዕቃ ላይ ብዙ ብር አታውጡ። አንድ ቀላል ዘንግ ከነሪሉ (ክር መጠቅለያው)፣ 4 ፓውንድ ክር፣ 8 ወይ 10 ቁጥር መንጠቆ (ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል፣ ሱቅ ውስጥ ግራ እንዳይገባችሁ)፣ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ቦበር፣ ትል፣ በቃ። ሳትገዙ መሞከር ከፈለጋችሁ ዘንግ በነጻ የሚያውሱ ስቴት ፓርኮች አሉ። ላይሰንስ ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አያስፈልግም፣ ለትልቅ ሰው ግን ያስፈልጋል፣ እኔ ስገዛ 25 ዶላር ነበር። የሚያገለግለው እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ነው፣ ስለዚህ ጃንዋሪ ላይ ገዝታችሁ ዓመት ሙሉ የሚሰራ እንዳይመስላችሁ፣ አዲሱ የሚጀምረው ማርች 1 ነው። ደግሞ የእናቶች ቀን ቅዳሜና እሁድ የሚኒሶታ እናቶች ያለ ላይሰንስ ማጥመድ ይችላሉ፣ ባለቤቴ የገባችበት በዛ በኩል ነው፣ አሁን እኔን ቀስቅሳ የምትወስደኝ እሷ ናት።

እንግዲህ ወደ ወቅቶቹ። ሐይቁ ላይ የረጋው በረዶ እኛ አካባቢ ብዙ ጊዜ የሚለቀው ማርች መጨረሻ ወይ ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ነው። ያን ጊዜ ዋልአይና ኖርዘርን ፓይክ የሚባሉትን ትልልቅ አሳዎች ማጥመድ ዝግ ነው፣ በረዶው እንደለቀቀ ነው እንቁላል የሚጥሉት፣ ስለዚህ እስከ ሜይ አጋማሽ አይነኩም። ክራፒ፣ ሰንፊሽና ፐርች የሚባሉት ትንንሾቹ ግን ዓመቱን ሙሉ ክፍት ናቸው፣ ለጀማሪ ደግሞ ከነሱ የሚሻል የለም። ለኔ የዓመቱ ምርጥ ጊዜ ይሄ ነው፣ ለምን መሰላችሁ፣ አሳው ሁሉ ከጥልቁ ወጥቶ እግራችሁ ስር ይመጣል።

ግን የትኛው ዳር? የሐይቁ ሰሜን ዳር። ፀሐይዋ በዛ ሰሞን ከደቡብ በኩል ስለምታበራ ሰሜኑ ዳር ቀድሞ ይሞቃል፣ ከሰሜን ከሚመጣው ቀዝቃዛ ነፋስም ይከለላል፣ ታቹ ጥቁር ጭቃ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱን ጠጥቶ ይይዛል። ከሌላው ዳር ያለው ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ቢሆን ነው፣ ክራፒ ግን ለሷ ሲል ሐይቁን አቋርጦ ይመጣል። ጠዋት በጨለማ መነሳት በዚህ ወቅት ልፋት ነው፣ ውሃው ሲሞቅ ውሎ በኛ አቆጣጠር ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እስኪመሽ ያለው ነው ጊዜው። ክራፒ አይኑ ወደላይ ነው የሚያየው፣ ስለዚህ መንጠቆው ከአሳው በላይ መሆን አለበት እንጂ ታች ከወረደ ዞር ብሎም አያየውም። አራት ጫማ ውሃ ከሆነ ከቦበሩ በታች አንድ ተኩል ሁለት ጫማ ይበቃል። አፉ ደግሞ ስስ ነው፣ ሲይዝ በሃይል መንጠቅ የለም፣ ቀስ ብሎ ማንሳት ነው፣ ካልሆነ ከንፈሩ ይቀደድና ይሄዳል።

ከዛ ሜይ መጨረሻና ጁን ላይ ውሃው ወደ 70 ፋራናይት ሲጠጋ የሰንፊሽ ተራ ነው፣ በተለይ ብሉጊል የሚባለው። ወንዱ አሸዋው ላይ ክብ ጉድጓድ ይቆፍርና እንቁላሉን ይጠብቃል፣ ፖላራይዝድ መነጽር (የውሃውን ነጸብራቅ የሚቀንሰውን) ካደረጋችሁ ከዳር ሆናችሁ ጉድጓዶቹን ማየት ትችላላችሁ። የሚጠብቀው ወንድ የቀረበለትን ሁሉ ስለሚናከስ መያዙ ቀላል ነው፣ ችግሩም እዛ ላይ ነው። ትልልቆቹ ወንዶች ተለቅመው ካለቁ ትንንሾቹ ማደጉን ትተው በልጅነታቸው መራባት ይጀምራሉ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሐይቁ የመዳፍ ግማሽ በሚያክል አሳ ይሞላል። ህጉ በስቴቱ በአጠቃላይ በቀን 20 ሰንፊሽ ይፈቅዳል፣ በዚሁ ምክንያት 10 ወይ 5 ብቻ የተደረገባቸው ሐይቆችም አሉ። ያስተማሩኝ የህሞንጉ አባት ትልልቁን ሁሉ እየመለሱ መካከለኛውን ነው ባልዲ ውስጥ የሚጥሉት፣ እኔም እንደዛው ነው የማደርገው። የልጆቻችሁን የመጀመሪያ አሳ ግን ሰንፊሽ አድርጉት፣ ቦበሩ ጥልቅ ሲል የሚጮሁት ጩኸት ሌላ ነው።

ዋልአይ የሚከፈተው ሜይ ላይ ነው፣ ያን ቀን አገሩ ሁሉ ውሃ ላይ ነው የሚውለው፣ በዓል በሉት። ከ1965 ጀምሮ የስቴቱ ኦፊሴላዊ አሳ እሱ ነው። አይኑ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለው ሌላው አሳ በማያይበት ድንግዝግዝ እሱ በደንብ ያያል፣ ስለዚህ ከዳር ለሚያጠምድ ሰው ጊዜው ፀሐይ ስትጠልቅና ከጠለቀች በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ነው፣ ደመናና ነፋስ ካለ ደግሞ ቀን በቀንም ሊሆን ይችላል። ፌለን ላይ ከላይ ካሉት ከኬለርና ከጀርቬ ሐይቆች የሚመጣው ውሃ በሚገባበት በኩል እሞክራለሁ። ምግቡ ምን መሰላችሁ፣ አልቅት! እኛ አገር ከብት አፍንጫ ውስጥ ገባ ተብሎ ስንት መከራ የሚታይበትን አልቅት እዚህ በደርዘን በገንዘቤ እየገዛሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ፣ እናቴ ይሄን ብትሰማ ጸበል ነው የምትወስደኝ።

ጁላይና ኦገስት ብዙ አልወደውም፣ ቶሎ ልለፈው። ጥልቅ ሐይቅ በበጋ (በጋ ስል የዚህ አገር ሙቀት ወቅት፣ ክረምት ስል ብርዱ ማለቴ ነው) ለሁለት ይከፈላል፣ ላይ ሞቃት ውሃ፣ ታች ቀዝቃዛ፣ የላዩና የታቹ ስለማይቀላቀል የታችኛው ኦክስጅኑ እያለቀ ይሄዳል። ስለዚህ "ሞቋል፣ አሳው ታች ወርዷል" ብሎ 60 ጫማ ድረስ መጣል ባዶ ክፍል ማንኳኳት ነው። አሳው ያለው የውሃ ሳሩ የሚያልቅበት ጠርዝ ላይ፣ ጥላ ውስጥና ፒሩ ስር ነው። ጎህ ሲቀድ ወይ ሲመሽ ብቻ ሂዱ፣ ቀን ልጆቹን ዋና ውሰዷቸው።

እንቁጣጣሽና መስቀል ካለፉ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል፣ በእውነትም ይገለበጣል። የላዩ ውሃ ሲቀዘቅዝ እየከበደ ይወርድና ነፋሱ ጨምሮበት ሐይቁ ከላይ እስከ ታች ይደባለቃል። በዛ ሰሞን ውሃው ይደፈርሳል፣ አንዳንዴ ይሸታል፣ አሳው በየቦታው ስለሚበተን ለጥቂት ቀን ምንም ላይነካ ይችላል፣ ሐይቁ ሞተ ብላችሁ አትተዉት። ካለፈ በኋላ ኖርዘርን ፓይኩም ዋልአዩም ለክረምቱ ሊወፍሩ ወደ ዳር ጠጋ ይላሉ። ትልልቅ አሳ ከዳር የሚያዘው ያኔ ነው፣ ትልቅ ሚኖው (ለማጥመጃ የሚሸጥ ትንሽ አሳ) ቦበር ስር አድርጉና ጃኬት ደርባችሁ ቁሙ። ፓይክ ጥርሱ ክር ስለሚበጥስ ጫፉ ላይ የሽቦ ሊደር አድርጉ።

በረዶው... እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ህይወት ስለሆነ። መመሪያው ለእግረኛ ቢያንስ 4 ኢንች አዲስ፣ ጥርት ያለ በረዶ ነው የሚለው። ነጭ በረዶ፣ ማለት ስኖው ተቀላቅሎ የረጋው፣ ጥንካሬው ግማሽ ያህል ስለሆነ ውፍረቱ እጥፍ መሆን አለበት። ሌላ ሰው ቆሟል ብላችሁ አትግቡ፣ የሱ ቦታና የናንተ ቦታ አንድ ላይሆን ይችላል። እኔ በየጥቂት እርምጃው በብረት ዘንግ እየወጋሁ፣ በኦገር እየሰረሰርኩ እየለካሁ ነው የምሄደው፣ አንገቴ ላይ ደግሞ በረዶ መቧጠጫ ሁለት ሹል ምስማር አንጠለጥላለሁ፣ ርካሽ ነው፣ ከገባችሁ መውጫው እሱ ነው። ዋልአይ እሞክርበታለሁ ያልኳችሁ ውሃ የሚገባበት ቦታ አሁን አይረገጥም፣ የሚንቀሳቀስ ውሃ በረዶውን ከስር ያሳሳዋል። የ2023–24 ክረምት በሚኒሶታ ታሪክ ከተመዘገቡት ሁሉ ሞቃቱ ነበር፣ እኔ በዛ ዓመት በረዶውን ለክቼ ተመልሼ ቤቴ ነው የገባሁት። ድንኳን ውስጥ በጋዝ ሂተር የምትሞቁ ከሆነ ደግሞ አየር ማስገቢያውን ክፍት አድርጉ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም አይታይም፣ የባትሪ ማስጠንቀቂያ ይኑራችሁ።

አሳው ግን ቀላል ነው። ውሃ ከሁሉ በላይ የሚከብደው 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው፣ ስለዚህ ክረምት ላይ ሞቃቱ ውሃ ታች ነው፣ የበጋው ግልባጭ። ክራፒው ጥልቁ ቦታ ላይ መሃል ውሃ ውስጥ ተንሳፎ ይቆያል፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወደ ላይ ከፍ ይላል፣ እኔ ትንሽዬ ጂግ (ክብደት ያለው መንጠቆ) ላይ ነጭ ትል አድርጌ ሶናሩ (ውሃ ውስጥ ያለውን አሳ በድምፅ ሞገድ የሚያሳየው መሳሪያ) ላይ ከሚታየው አሳ አንድ ሁለት ጫማ ከፍ አድርጌ እይዝላቸዋለሁ። ሶናር ከሌላችሁ ከታች ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ማንሳት ነው፣ የነካበትን ጥልቀት ክሩ ላይ ምልክት አድርጉ። በበጋ አንድ ሰው አንድ ክር ብቻ ነው የሚፈቀድለት፣ በረዶ ላይ ሁለት ይቻላል፣ ስለዚህ ሁለተኛው ላይ ለፓይክ ቲፕ አፕ፣ አሳው ሲጎትት ባንዲራ የሚያነሳውን፣ ተክላችሁ ቡናችሁን ጠጡ። ዋልአይና ፓይክ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ይዘጋሉ፣ ክራፒው ይቀጥላል። የተረፈ ሚኖው መቼም ሐይቅ ውስጥ አትድፉ፣ ቆሻሻ ውስጥ ነው የሚጣለው፣ ክልክል ነው።

አበሳሰሉን ለምትጠይቁኝ፣ ክራፒና ሰንፊሽ ለጥብስም ለጉላሽም ይሆናል፣ ስጋው ነጭና ልስልስ ነው፣ በርበሬ አይብዛበት። ፓይክ ላይ ፈረንጆቹ የሚያማርሩት በስጋው መሃል ስላለው ሹካ አጥንት ነው። እኔ ዝዋይና ሐዋሳ ቆሮሶው እንደሚተለተለው ጎንና ጎኑን በቀጭን በቀጭኑ ተልትዬ በጋለ ዘይት እጠብሰዋለሁ፣ አጥንቱ ተቆራርጦ ስለሚጠበስ አይወጋም። ሌላው መንገድ ዱለት ነው፣ ደቅቆ ሲከተፍ ማን አጥንት ያገኛል። ጾም ላይ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም፣ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።

አንድ የቀረ ነገር። አሳው ውስጥ ሜርኩሪ ስላለ የጤና መምሪያው መመሪያ አለው። ለነፍሰ ጡርና ለልጆች ክራፒ፣ ሰንፊሽና ፐርች በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከ20 ኢንች ያነሰ ዋልአይና ከ30 ኢንች ያነሰ ፓይክ በወር አንድ ጊዜ ነው የሚለው፣ ከዛ የሚበልጠውን ትልልቁን ጭራሽ አትስጧቸው። ከተማው ውስጥ ያሉ አንዳንድ ሐይቆች ላይ ደግሞ ፒፋስ የሚባለው ኬሚካል ስለተገኘ የራሳቸው ጠበቅ ያለ ገደብ አላቸው፣ ስለዚህ የመረጣችሁትን ሐይቅ ስም መምሪያው ዌብሳይት ላይ አስገብታችሁ እዩ፣ ልዩ የቀን ገደብ ያለው መሆኑንም የዲኤንአር (የስቴቱ የተፈጥሮ ሀብት መምሪያ) የደንብ መጽሐፍ ላይ አብራችሁ ተመልከቱ።