«አበጋሯ አንቺ ነሽ?»

ዛሬ ድብርቴ መጥቷል። ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማዋን ስለዋጣት ይሁን መብራት ስለጠፋ፣ እንጃ። እኔ ጋ የቤተሰብ ምክር ቀጠሮ የነበራቸው ባልና ሚስት ለቅሶ ገጥሟቸው ቀሩ። ደሴ ላይ ለቅሶ እያለ የምክር ቀጠሮ ማን ያስታውሳል? እኔም ብሆን አልመጣም። ልወጣ ስል ዝናቡ ለቀቀውና ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ባለፈው አንድ አባት ከሚስታቸውና ከትልቁ ልጃቸው ጋር መጥተው ነበር። ሳይቀመጡ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና፣ «አበጋሯ አንቺ ነሽ?» አሉኝ። አበጋር እኛ ወሎ የተጣላ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው። ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ነገሩን አንድ በአንድ አስረድተው ሲጨርሱ እጃቸውን አጣምረው ፍርዱን ጠበቁ። እኔ ደግሞ ወደ ልጁ ዞሬ፣ «እነሱ ሲጨቃጨቁ አንተ የት ነህ?» አልኩት። ሰውዬው ወደ ሚስታቸው ጠጋ ብለው፣ «ይቺ ልጅ አልሰማችኝም መሰለኝ» አሏቸው። ከገቡ ወዲህ ሁለቱ መጀመሪያ የተነጋገሩት ያኔ ነው።

ጥያቄያቸው ግን አልለቀቀኝም። የተማርኩት የመሬይ ቦወንን መንገድ ነው። ሁለት ሰዎች ሲጨንቃቸው ሦስተኛ ይጎትታሉ፤ ልጅ፣ አማት፣ ጎረቤት፣ ያገኙትን። የአማካሪው ሥራ ከሁለቱም ሳይርቅ፣ ወገን ሳይዝ መቆየት ነው። ቦወን ቴነሲ የተወለደ፣ የአምስት ልጆች ታላቅ የሆነ የአእምሮ ሐኪም ነበር። በፈረንጆቹ ከ1954 እስከ 1959 ሜሪላንድ ውስጥ የታመመውን ልጅ ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡን ጭምር ሆስፒታል አስገብቶ አጥንቷል። በ1967 ደግሞ ባለሙያዎች ፊት ጥናት ያቀርባል ሲባል የገዛ ቤተሰቡን ጉድ ዘረገፈላቸው። እኔ የወደድኩት ለዚህ ነው። የራሱን ጓዳ ያላየ የሰው ጓዳ ምን ሊሠራ ይገባል?

አበጋርስ? እሱ መሃል ነው የሚቀመጠው። ደም የተቃቡትን ያስታርቃል፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ይሰማዋል፣ ምርቃቱ ይፈለጋል፣ እርግማኑ ይፈራል። እኔን ማን ይፈራኛል? ያለኝ ጥያቄና ወረቀት ነው።

ወረቀት ካልኩ፣ ዝናቡ እስኪያባራ የራሴን ቤተሰብ የዘር ሐረግ በሙያችን ምልክቶች መሣል ጀመርኩ። ወንድ አራት ማዕዘን፣ ሴት ክብ፣ የሞተ ሰው ላይ ኤክስ። አያቴ ጋ ስደርስ ተጠላለፈብኝ። ከአንድ እናት ወጥተው አንዱ መስጊድ፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያን፤ ልጆቻቸው ደግሞ ተገለባብጠዋል። እናቴን ያጠባቻት ጎረቤትስ? ምልክት የላትም። ከግማሾቹ አክስቶቼ ይልቅ እኛ ቤት የምትሰማው ግን እሷ ነበረች።

ከዚያ አጎቴ። በእኛ አቆጣጠር በ1977 በሰፈራው ወደ መተከል ከተወሰዱት ነው። ግንኙነት ሲቋረጥ መስመሩ መሃል ላይ በሁለት ሰረዝ ይቆረጣል። ቦወን ግን መቆራረጥ የሚለው ቤተሰቡን በመራቅ የተገላገለ የሚመስለውን ሰው ነው። አጎቴ ከማንም አልተኳረፈም። የጫኑት መኪና ላይ ወጣ፣ በቃ። ድርቅና መንግሥት የቆረጠውን በየትኛው ምልክት ልሣለው? እዚህ ከተማ ቢሮዬ ከሚመጣው ቤተሰብ ስንቱ እንዲህ ያለ ሰው አለው። ስንቱስ ይናገራል? እናቴ እንኳ ስሙ ሲነሳ ከሰል ማራገብ ትጀምራለች፤ ከሰሉ እየነደደም ቢሆን።

ማታ ወረቀቱን አሳየኋት።

«ይሄ ማነው?»

«አጎቴ ነው፣ እማ።»

«ሳጥን ውስጥ ከተትሽው?»

ወንድ ሁሉ እንደዚያ እንደሚሣል አስረዳኋት። የራሷን ክብ ፈልጋ አገኘችና ማነሷን ታዘበች። «ለዚህ ነው ሰው የሚከፍልሽ?» አለችኝ። አዎ አልኳት፣ ስንት እንደሆነም ነገርኳት።

«አስተግፊሩላህ!»

በዝቶባት ይሁን አንሶባት አልጠየቅኳትም።