በኒኮዲመስ የቆሙት አምስት ቤቶች

ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ ተነስተን ካንሳስ ውስጥ ወደምትገኘው ትንሽ ከተማ ኒኮዲመስ የሄድንበት መንገድ ስንዴ፣ የከብት ግጦሽና ነፋስ ብቻ ነው። ስለ ማደሪያችን ግን ሳልናገር አላልፍም። በስልክ 80 ዶላር ብለው የሰጡን ክፍል ስንደርስ ከልዩ ልዩ ክፍያው ጋር 112 ሆነ። ማቀዝቀዣው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ወፍጮ ሲያጓራ አደረ። አብረውኝ የመጡት ጋሼ ውዳሴ ማርያም ደግመው ተኙ። እኔ ገንዘቡ እያንገበገበኝ ነጋ።

ጋሼ የደብራችን የሕንፃ ኮሚቴ አባል ናቸው። ከሌላ ቤተ ክርስቲያን በተከራየነው አዳራሽ ዓመታት አስቆጥረናል። እኛ ቅዳሴ ስንጨርስ ወንበር የምናስተካክለው፣ ታቦቱን የምናስነሣው በሰዓት ተሽቀዳድመን ነው። ከኮሚቴው ግማሹ የራሳችንን ቤተ ክርስቲያን ለመሥራት ምእመኑ ቤት ገዝቶ እስኪደላደል እንጠብቅ ይላል። ኒኮዲመስን ለማየት የፈለግሁት በዚህ ክርክር የተነሣ ነው።

ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1877 የቆረቆሯት ከባርነት የወጡ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። አብዛኞቹ የመጡት ከኬንታኪ ነው። ለም መሬት ተብሎ የተሰበከላቸው ሜዳ ላይ እንጨት አልነበረም፤ ስለዚህ መሬቱን ቆፍረው ጉድጓድ ውስጥ ገቡ። ዊሊያና ሂክማን የምትባለው ሰፋሪ በ1878 ስትደርስ ያየችው ከየጉድጓዱ የሚወጣ ጭስ ነበር፤ ከተማው ይህ ነው ሲሏት አለቀሰች። የመጀመሪያውን ክረምት ያለፉትም ከአደን የሚመለሱ ኦሴጅ የተባሉ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ሥጋ ስላካፈሏቸው ነው።

ሆኖም ባፕቲስቶቹ በዚያው ጉድጓድ ውስጥ ጉባኤ ጀመሩ። በኋላ ከላዩ ላይ ትንሽ የድንጋይ ቤት ሠሩ፤ ዛሬ የቆመው ቤተ ክርስቲያን በ1907 የተሠራው ነው። ትምህርትም ሕንፃ አልጠበቀም፤ ጄኒ ፍሌቸር በመኖሪያዋ ልጆች ሰብስባ አስተማረች። ባለቤቷ ዘካሪ ፍሌቸር የከተማዋ የመጀመሪያ የፖስታ ኃላፊ ነበር፤ ቅዱስ ፍራንሲስ የተባለውን ሆቴልም የከፈቱት እነርሱ ናቸው። ደብዳቤ ሊወስድ የመጣ ገበሬ ወሬ ሰምቶ፣ መንገደኛ አግኝቶ ይመለስ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ዛሬ ብሔራዊ ታሪካዊ ስፍራ ተብለው የሚጠበቁት አምስት ሕንፃዎች ናቸው፤ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት፣ ሆቴሉ፣ በ1918 የተሠራው ትምህርት ቤትና የማኅበረሰቡ አዳራሽ። ጎብኚ የሚቀበለው በ1939 ከአካባቢው በተጠረበ የኖራ ድንጋይ የተገነባው አዳራሹ ነው። መግቢያው በነጻ ነው። የፓርኩ ሠራተኛ ወጣት ጋሼን ስታይ ወንበር አመጣችላቸው፤ ጥያቄያቸውን ሁሉ እኔ እያስተረጎምኩ ሳትሰለች መለሰች። የጠየቁትም ብዙ ነው፤ ድንጋዩን ማን ጠረበው፣ ሥራው ከመኸር ጋር እንዴት ተስማማ፣ ያልከፈለ ሰው ይገባ ነበር ወይ? ከማደሪያው ሌሊት በኋላ ይህች ልጅ ልቤን አሳረፈችው።

በጣም የቆጨኝ የባቡሩ ነገር ነው። በ1888 ሐዲዱ ከወንዙ ማዶ ሲያልፍ ነጋዴዎቹ ሱቃቸውን ይዘው ወደ አዲሱ ጣቢያ ወደ ቦግ ሄዱ። ገበያው ፈረሰ። ጉባኤው ግን አልፈረሰም። በፈረንጆቹ ነሐሴ መባቻ ላይ በዛፎች ጥላ ሥር ያከብሩት የነበረው የነጻነት በዓል ዛሬ ወደ ፈረንጆቹ ሐምሌ የመጨረሻ ቅዳሜና እሑድ መጥቶ የመመለሻ በዓል ሆኗል፤ ተወላጆቹ በየግዛቱ ተበትነው ሳለ ለዚያ ቀን ይመጣሉ።

ጋሼ የቀድሞው ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እጃቸውን አሳርፈው ቆዩ።

«ልጄ፣ እኛ እኮ ሁላችንም ጣሪያ አለን» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«እንግዲያው እሑድ ስብሰባው ላይ ይህን አንተ ትናገራለህ። እኔን ሰልችተውኛል።»

መመለሻችን ላይ ሆክሲ የምትባል ከተማ ደርሰን ነዳጅ እስክንቀዳ ድረስ ምን እንደምል እየነገሩኝ፣ እኔም እየተከራከርኳቸው ሄድን።